ጭቃ የጠገበ ሞተር ሳይክል እንዴት ይታጠባል?

ክረምት ላይ የዋልካ መንገድ ውሎ የመጣ ሞተር ሳይክል ቀለሙ አይለይም። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ከጎማው ጥርስ መሃልና ከጭቃ መከላከያው ሥር እየተጠቀጠቀ ይገባል። ሲደርቅ ተኮማትሮ ብረቱን አንቆ ይይዛል። በአገራችን በዚህ ጥቁር አፈር የተሸፈነው መሬት ከ12 ሚሊዮን ሄክታር አያንስም። የግብርና ባለሙያውም ሆነ ክትባት ይዞ ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞረው የጤና ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚነዳው እዚሁ ላይ ነው። እጥበት የግድ ነው። ብዙ ሞተር ሳይክል ግን ጋራዥ የሚገባው ስላልታጠበ ሳይሆን፣ ውሃ መግባት በሌለበት ቦታ በኃይል ስለገባበት ነው።

ደርት ባይክ የሚባለው ሞተር ሳይክል ለአፈር መንገድ የተሠራ ነው። ክብደቱ ቀላል፣ ቁመናው ከፍ ያለ፣ ጎማው ባለ ጥርስ ሲሆን ጉድጓድ ሲገባ ንዝረቱን የሚውጥ ረጅም አሞርዛተር አለው። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1968 ባለ 250 ሲሲውን ዲቲ-1 ለገበያ ሲያቀርብ፣ በአስፋልትም በአፈርም የሚሄድ ሞተር ሳይክል ተራው ሰው ሊገዛው እንደሚችል አሳየ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ዲቲ 125፣ የሆንዳው ኤክስኤል 125 እና ለእርሻ ሥራ ተብሎ የተሠራው ኤጂ 100 በአፍሪካ ገጠር የታወቁ ናቸው። ኤጂ 100 ካቴናው ሙሉ በሙሉ በሽፋን የተዘጋ ነው፤ የሠሩት ሰዎች ጭቃን አስበውበታል። በሌሎቹ ላይ ካቴናው፣ ሞተሩና የኤሌክትሪክ ገመዱ ለጭቃውም ለውሃውም ተጋልጠው ይሄዳሉ።

ላቫጆ ውስጥ የሚደርሰውን ጉዳት ለመረዳት ኩሽኔታ ማየት ይበቃል። ጎማው የሚዞረው በሁለት ወይም በሦስት ኩሽኔታዎች ላይ ነው። በውስጣቸው ግራሶ አለ፤ ከውጭ በኩል ደግሞ ስስ የጎማ ከንፈር ያለው ማገጃ ይጠብቃቸዋል። ይህ ማገጃ የተሠራው አቧራና ፍንጣቂ ውሃ ለመከልከል ነው። የቧንቧ ውሃ ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ5 ባር አያልፍም፤ የላቫጆው ማሽን ግን ከ100 ባር በላይ ይገፋል። ጫፉ ተጠግቶ ወደ ጎማው መሃል ሲተኮስ ከንፈሩ ይታጠፍና ውሃው ከደቃቅ አሸዋ ጋር ይገባል። በዕለቱ ምንም አይታወቅም። ከሳምንታት በኋላ ኩሽኔታው ሲፈታ ግራሶው ወተት እንደገባበት ቡና ነጣ ብሎ ይገኛል፤ ኳሶቹ ላይ የዝገት ነጠብጣብ አለ፤ በጣት ሲዞር ይንገራገጫል። የመሪው አንገት፣ የኋላው ሹካ የሚታጠፍበት መጋጠሚያ፣ የፊት አሞርዛተር ዘይት ማገጃ ሁሉም በዚሁ መንገድ ይበላሻሉ። ስለዚህ ማሽን መጠቀም ግድ ከሆነ ጫፉ ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፤ ውሃው ተበትኖ ይውረድ፤ ወደ እነዚህ ቦታዎች በቀጥታ አይተኮስ። የራዲያተር ክንፎችም በቀላሉ ይጣመማሉ፤ ጭቃው ከኋላ ወደ ፊት ግፊቱ በቀነሰ ውሃ ይገፋ። የማሽኑ ውሃ ቆዳን በስቶ ሊገባ ስለሚችል ወደ እጅም ሆነ ወደ እግር ፈጽሞ አይዞርም። በስቶ ከገባ ቁስሉ ከላይ ትንሽ ቢመስልም በአስቸኳይ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

እኔ ብጠየቅ ባልዲ፣ የቧንቧ ጎማ፣ ለስላሳ ብሩሽና ትዕግሥት እመርጣለሁ። የደረቀ ዋልካ በኃይል ከመፈንቀል ይልቅ ደጋግሞ ውሃ እያርከፈከፉ ለሩብ ሰዓት መተው ይሻላል፤ ራሱ ልሞ ይወርዳል።

ውሃ ከመነካቱ በፊት ሞተሩ ጠፍቶ መቀዝቀዝ አለበት፤ ግማሽ ሰዓት አይበዛበትም። በጋለ ማርሚታና ሲሊንደር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲያርፍ ብረቱ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል፤ እንፋሎቱም ፊት ያቃጥላል። ሞተር ሳይክሉ በማይንሸራተት ደልዳላ ቦታ፣ በማይወድቅበት ማቆሚያ ላይ ይቁም። የማርሚታው አፍ በጎማ ውታፍ ወይም ጨርቅ በጠቀለለ ፌስታል ይደፈን። ቁልፉ ይነቀልና ከውታፉ ጋር በገመድ ይታሰር፤ ውታፉን ሳያወጣ ሞተሩን ለማስነሳት የሚሞክር እንዳይኖር ነው። የቁልፉ ቀዳዳ፣ የመብራት ማብሪያዎቹና የገመድ መጋጠሚያዎቹ በፌስታል ይሸፈኑ። ጓንትና መነጽር ይደረግ።

ፊልትሮው ለብቻው ጊዜ ይፈልጋል። በበጋ የገጠር መንገድ አቧራ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ከተራ ብረት ይጠነክራል፤ ወደ ሲሊንደር ከገባ የፒስተኑን ቀለበቶች እየሞረደ ይጨርሳል። በእነዚህ ሞተር ሳይክሎች ላይ በብዛት የሚገኘው የስፖንጅ ፊልትሮ ነው፤ የወረቀቱ ዓይነት አይታጠብም፣ ይቀየራል። ስፖንጁ ሲወጣ ወደ ካርቦራተር የሚወስደው ቀዳዳ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ይደፈን፤ ሳጥኑም ውሃ ሳይለቀቅበት በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ከዚያ ስፖንጁ በፊልትሮ ማጠቢያ፣ እሱ ካልተገኘ በነጭ ጋዝ እየተነከረ አሮጌ ዘይቱ ይለቅለት። ቀጥሎ በለብታ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። እንደ ልብስ አይጠመዘዝም፤ የተጣበቀበት ስፌት ይቀደዳል። በሁለት መዳፍ መሃል እየተጨመቀ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ይደጋገማል። ጥላ ሥር በደንብ ከደረቀ በኋላ ብርሃን ላይ ተይዞ ይታይ፤ ቀዳዳ ወይም የተላቀቀ ስፌት ካለ አይመለስም። ከዚያ የፊልትሮ ዘይት ይፈስበትና ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት እስኪሆን በእጅ ይታሽ። የነጣ ቦታ ከቀረ አቧራው በዚያ ያልፋል። ከሳጥኑ ጋር በሚገጥምበት ከንፈር ላይ ቀጭን ግራሶ ይቀባ።

ቤንዚን ለዚህ ሥራ አይሆንም። በቅርብ የሚገኝና ቆሻሻ ቶሎ የሚያነሳ በመሆኑ በየጋራዡ ዕቃ ሲታጠብበት ይታያል። ነገር ግን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ቅዝቃዜ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ያወጣል። ያ ተን ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል እየተሳበ ይሄዳል፤ ጥግ ላይ ቡና የሚፈላበት ከሰል ካገኘ እሳቱ ተከትሎት ይመለሳል። ስፖንጁ የተጣበቀበትን ማስቲሽም ይበላል። ነጭ ጋዝ የሚቀጣጠል ተን የሚሰጠው ወደ 40 ዲግሪ ሙቀት ሲጠጋ ነው። ይሻላል እንጂ እሱም ቢሆን ከእሳት ርቆ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ ነው የሚሠራበት። በረኪናም ከዚህ ሥራ ይራቅ። አሉሚኒየም ይበላል፤ አሲድ ካለበት የቸርኬ ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል።

ካቴና ሲጸዳ ሞተሩን አስነስቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ጨርቅ መያዝ የለመደ ሰው አለ። ጨርቁ በካቴናውና በጥርሱ መሃል ሲያዝ እጅ ለመልቀቅ ጊዜ አይሰጥም፤ ጣት ይቆረጣል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማርሽ ወጥቶ፣ የኋላው ጎማ በእጅ እየተገፋ በብሩሽ ይጸዳ። ኦሪንግ ያለው ካቴና ግራሶው ፋብሪካ ውስጥ የታሸገበት ስለሆነ ቤንዚንና የብረት ብሩሽ የጎማ ቀለበቶቹን ይጎዱበታል። በነጭ ጋዝ ተጠርጎ ወዲያው ይደርቅና ይቀባ።

ፍሬን ላይ ስህተት ሕይወት ያስከፍላል። የካቴና ቅባትም ሆነ ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ ወደ ዲስኩ ወይም ወደ ሸራው መድረስ የለበትም። ከበሮ ፍሬን ሲከፈት በውስጡ የተጠራቀመውን ጥቁር ብናኝ በአየር መንፋት በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። የድሮ የፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ አላቸው፤ ብናኙ ወደ ሳንባ ከገባ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ጨርቁ በፌስታል ታስሮ ይጣል።

የት እንደሚታጠብም አንድ ነገር ነው። ወንዝ ዳር ማጠብ ብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ የሚፈስሰው ዘይትና ነጭ ጋዝ ግን ከታች ውሃ ለሚቀዳ ሰውና ለሚጠጣ ከብት ይደርሳል። ጭቃው ራሱም ዘር ይሸከማል። ማሳ የሚያጠፋው፣ የአንዳንዱን ሰው ቆዳ የሚያሳክከው ፓርቴኒየም የሚባለው አረም በአገራችን ከተስፋፋባቸው መንገዶች አንዱ የተሽከርካሪ ጭቃ ነው። አረሙ ካለበት ቀበሌ የሚወጣ ሞተር ሳይክል ወደ ሌላው ከመግባቱ በፊት ጭቃውን እዚያው ቢያራግፍ ለገበሬው ትልቅ ውለታ ነው።

እጥበት የፍተሻ ጊዜም ነው። አሜሪካዊው የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ራንዲ ማሞላ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለሕፃናት አድን ድርጅት ገንዘብ ያሰባስብ ነበር። ከጋዜጠኛው ባሪ ኮልማን ጋር ሶማሊያ ሲሄዱ ለጤና ሥራ የተላኩ ሞተር ሳይክሎች በቀላል ጥገና እጦት ቆመው አገኟቸው። ባሪና ባለቤቱ አንድሪያ ከማሞላ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1996 ያቋቋሙት ራይደርስ ፎር ሄልዝ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የጤና ሠራተኞችን መንዳት ብቻ ሳይሆን በየቀኑ መፈተሽንም አስተማረ፤ ነዳጅና ዘይቱን፣ ቅባቱን፣ የካቴናውን ውጥረት፣ ብሎኖቹን፣ ፍሬኑን። ጭቃ በለበሰ ሞተር ሳይክል ላይ የላላ ብሎን፣ የተሰነጠቀ ብየዳ ወይም የሚያንጠባጥብ ዘይት አይታይም። ብሩሹ በየቦታው ሲያልፍ ዓይንና ጣት አብረው ይለፉ፤ የቸርኬው ሽቦዎች አንድ በአንድ ይነኩ፣ የላላው በድምፁ ይለያል። ካንዴላ መፈታት ካለበትም ዙሪያው መጀመሪያ ይጽዳ፤ አለበለዚያ እዚያ የተቀመጠው አሸዋ ሲሊንደር ውስጥ ይወርዳል።

ታጥቦ ሲያልቅ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቅ። ውታፉና ፌስታሎቹ ይነሱ፤ ፊልትሮው ይመለስ። ሞተሩ ደጅ ላይ ተነስቶ ጥቂት ይሥራ፣ ሙቀቱ የቀረውን ውሃ ያተናል። በተዘጋ ክፍል ግን አይነሳም፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። ሞተሩ ጠፍቶ ካቴናው ይቀባ፤ የእግር መርገጫው መታጠፊያ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎች መጋጠሚያ ጠብታ ዘይት ያግኙ። የረጠበ ፍሬን መጀመሪያ ላይ በደንብ አይዝም። መንገድ ከመውጣት በፊት ግቢ ውስጥ ቀስ እያሉ፣ ፊትና ኋላውን በየተራ እየያዙ፣ እንደ ወትሮው መያዝ እስኪጀምር ድረስ መንዳት ያስፈልጋል።