መናገር የማይችሉ ተማሪዎችን የመግባቢያ ፍላጎት መገምገም፦ የትምህርት ቤት ባለሙያዎች ሥልጠና ምን ማካተት ይኖርበታል?

በሴሬብራል ፓልሲ፣ በኦቲዝም፣ በአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ወይም በጭንቅላት ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት በቂ ንግግር የሌላቸው ተማሪዎች ሁለት ችግር ይገጥማቸዋል። አንደኛው ሐሳባቸውን መግለጽ አለመቻላቸው ነው። ሁለተኛውና የከፋው ግን የማይናገር ልጅ የማይገባው ተደርጎ መቆጠሩ ነው። በቃል መልስ ብቻ የሚመዘን ልጅ የሚያውቀውን ማሳየት ስለማይችል ከችሎታው በታች ይመደባል። ሕመሙንም ሆነ የደረሰበትን ጥቃት የሚያስረዳበት መንገድ አይኖረውም።

አጋዥና አማራጭ የመግባቢያ ዘዴዎች ንግግርን የሚደግፉ ወይም የሚተኩ መንገዶች ናቸው። እነዚህም ከእጅ ምልክትና ከሥዕል ሰሌዳ አንስቶ ድምፅ እስከሚያወጡ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ይደርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 2 እነዚህን ዘዴዎች በመግባቢያነት አስፍሯል፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱን በ2010 ተቀብላ አጽድቃለች።

የተሳሳቱ አመለካከቶችን ማረም

ልጁን በየዕለቱ የሚያየው መምህሩ በመሆኑ፣ በክሊኒክ ውስጥ በአንድ ቀጠሮ የሚደረግ ምርመራ ብቻውን በቂ አይሆንም። ስለሆነም ሥልጠናው በቅድሚያ ሁለት አመለካከቶችን ማረም ይገባዋል። የመጀመሪያው ልጁ የተወሰነ የአእምሮ ደረጃ ላይ ሳይደርስ ዘዴው አይጠቅመውም የሚለው ነው፤ ይህ ቅድመ ሁኔታ ዛሬ ተቀባይነት የለውም። ሁለተኛው ዘዴው ንግግርን ያሰንፋል የሚለው ሥጋት ነው። ሚላር፣ ላይትና ሽሎሰር በ2006 ባሳተሙት የጥናቶች ግምገማ አስተማማኝ ማስረጃ ከተገኘላቸው 27 ሰዎች መካከል ንግግሩ የቀነሰ አንድም አልነበረም፤ 89 በመቶ የሚሆኑት መሻሻል አሳይተዋል።

ግምገማው የሚያተኩርባቸው ነጥቦች

ቡከልማንና ሚሬንዳ ያዘጋጁት የተሳትፎ ሞዴል ለሥልጠናው ጥሩ መነሻ ነው። ገምጋሚው በመጀመሪያ የዕድሜ እኩዮቹ በክፍል ውስጥ የሚያደርጉትን ይመዘግባል፤ ከዚያም ተማሪው ከዚህ ውስጥ የትኛው እንደሚጎድለው ያያል። ጉድለቱ ከአካባቢው (ከደንብ፣ ከልማድ፣ ከአመለካከት፣ ከዕውቀትና ክህሎት ማነስ) ወይም ከራሱ ከልጁ የአካልና የስሜት ሕዋሳት ውሱንነት ሊመነጭ ይችላል። መፍትሔውም እንደ ምንጩ ይለያያል።

ሠልጣኙ ቢያንስ የሚከተሉትን መለየት መቻል አለበት፦

- ልጁ አሁን «አዎ» እና «አይደለም» የሚለውን በምን እንደሚገልጽ፤
- የሚነገረውን ምን ያህል እንደሚረዳ፤
- በጣት፣ በዓይን ወይም በማብሪያ ማጥፊያ ቁልፍ መምረጥ መቻሉን፤
- ዕቃን፣ ፎቶግራፍን፣ ሥዕልን ወይም ጽሕፈትን መለየቱን።

ፊደል ለቆጠረ ልጅ የሚዘጋጀው ሰሌዳ የአማርኛን ጽሕፈት ባሕርይ ማገናዘብ ይኖርበታል። ከ200 በላይ የሆኑትን ሆሄያት በአንድ ገጽ መደርደር የእጅ እንቅስቃሴው ለተገደበ ልጅ አድካሚ ነው። በመሆኑም ልጁ በመጀመሪያ ግእዙን፣ ቀጥሎ ከሰባቱ እርባታዎች አንዱን እንዲመርጥ ማድረግ ይቻላል።

የሥልጠናው አሰጣጥ

ንድፈ ሐሳብ ብቻ ማስተማር ገምጋሚ አያፈራም። ሠልጣኙ ልምድ ባለው ሰው ክትትል ሥር ተማሪዎችን በክፍል፣ በዕረፍትና በምሳ ሰዓት መመልከት፣ ወላጆችን መጠየቅ፣ የመረጠውን ዘዴ ለሳምንታት ሞክሮ ውጤቱን መመዝገብ ይኖርበታል። ውድ መሣሪያ ከመግዛት በፊት በወረቀት ሰሌዳ መሞከር ብክነትን ያስቀራል።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

የመስማትና የማየት ምርመራ ያልተደረገለት ልጅ ግምገማ አሳሳች ውጤት ሊሰጥ ይችላል። የሚጥል በሽታ ቁጥጥር፣ የሚያደነዝዙ መድኃኒቶች መጠንና የአቀማመጥ ድጋፍም ምላሹን ይለውጣሉ። ቀድሞ ይናገር የነበረ ልጅ ንግግሩን ካጣ ደግሞ የሕክምና ምርመራ መቅደም አለበት። ስለዚህ ወደ ትምህርት ቤት የሚላከው ማስረጃ ከበሽታው ስም በተጨማሪ ልጁ ምን እንደሚሰማ፣ ምን እንደሚያይና የትኛውን የሰውነቱን ክፍል በቀላሉ እንደሚያንቀሳቅስ ሊገልጽ ይገባል። መምህሩ ግምገማውን የሚጀምረው ከዚህ መረጃ ነውና።