ስኳርና የሐዲያና ከምባታ የጉልበት ፍልሰት

የሐዲያና ከምባታ የጉልበት ፍልሰት ከ1940ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የሁለቱ አካባቢዎች ገበሬዎች በአዋሽ ወንዝ ዳር ወደተቋቋሙት የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ለሥራ የሄዱበት እንቅስቃሴ ነው። የወላይታ ሰዎችም ተካፍለውበታል። በኢትዮጵያ የኢንዱስትሪ ታሪክ እነዚህ አካባቢዎች ቀድመው የገቡት በፋብሪካ ሳይሆን በጉልበት ነው።

ስኳር በዓለም ንግድ

የተቆረጠ አገዳ ቶሎ ካልተጨመቀ ስኳሩ ይቀንሳል። ስለዚህ እርሻውና ፋብሪካው ጎን ለጎን ሆነው በአንድ ሰዓት መሥራት አለባቸው፤ ብዙ ሠራተኛም ይፈልጋሉ። በካሪቢያን ደሴቶች ይህ ሥራ በአፍሪካውያን ባሮች ተሠራ። በጃቫ ደግሞ ሆላንዶች ከ1830 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበሬውን በግዴታ አሠሩት።

ወንጂ

ኢንዶኔዥያ ነጻ ስትወጣ፣ በዚያ ሰፊ እርሻ የነበረው ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ሌላ አገር ፈለገ። በ1943 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ፣ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ። የሸዋና የመተሐራ ፋብሪካዎች ተከተሉ። ስኳሩ በዋናነት የሚሸጠው በአገር ውስጥ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ድርጅቶቹ ተወረሱ።

የፍልሰቱ ምክንያት

ከሆሳዕናና ከዱራሜ እስከ ሾኔ ያለው አገር ሕዝቡ ብዙ፣ የቤተሰብ ማሳው ጠባብ ነው። እንሰት በትንሽ መሬት ብዙ ሰው ይመግባል፤ ነገር ግን ለግብር፣ ለልብስና ለጨው የሚሆን ጥሬ ገንዘብ እምብዛም አያስገኝም። የአገዳ ቆረጣ ደመወዝ ይህን ክፍተት ሞላ። ሚስቶች እንሰቱን እየተንከባከቡ ስለቆዩ፣ የፋብሪካው ርካሽ ጉልበት በከፊል የተደገፈው በቤት በቀረው የሴቶች ሥራ ነው።

ውጤቱ

አንዳንዶቹ ቆርጠው ተመለሱ፤ ሌሎች በካምፕ ቀርተው ልጅ ወለዱ። በወንጂና በመተሐራ የሐዲያና የከምባታ ተወላጆች እስከ ዛሬ ይኖራሉ። ዋጋም ተከፍሏል፦ በወንጂ ከጉድጓድ የሚቀዳው ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበት ስለነበር ለብዙ ዓመታት የጠጡት ሠራተኞች አጥንታቸው ደርቆ ጀርባቸው ጎበጠ። በሽታው ፍሎሮሲስ ይባላል። የልጆች ጥርስም ይበልዝ ነበር። ጉዳቱ ቶሎ የሚታይ ባለመሆኑ፣ ሰው በጉብዝናው የጠጣው ውኃ ሕመሙን የሚያመጣው ከዓመታት በኋላ ነበር።