ደቦ ምን ይዞ ይቀራል?

በኅዳር ወር በምዕራብ ጎጃም ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር ጤፉም ዳጉሳውም ባንድ ሰሞን ለማጭድ ይደርሳል። የደረሰ ጤፍ ቀጠሮ አያውቅም፤ ከቆየ ይረግፋል፣ ያለ ወቅቱ ዝናብ ካገኘውም ይበላሻል። ሰንበቱና የወር በዓላቱ፣ ሚካኤሉ፣ ማርያሙ፣ ባለወልዱ ሲቀነሱ ደግሞ ማጭድ የሚነሣበት ቀን ጥቂት ነው። ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው በሳምንት የማይወጡትን ማሳ ሃያ ሰው በአንድ ቀን ያነሣዋል፤ የደቦ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የማሳው ባለቤት ቀን ቆርጦ ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ አበልጁን ይጠራል፤ ጠላው ቀደም ብሎ ይጠመቃል፣ እንጀራው ይጋገራል፣ ደቦኛውም ማጭዱን ይዞ ይመጣል። ወንፈል ከዚህ ጠበቅ ይላል። ጥቂት ሰዎች ተስማምተው በየተራ ይሠራሉ፤ አንድ ቀን የተሠራለት አንድ ቀን ይመልሳል፣ ካልመለሰ ዕዳ አለበት። በደቦ ቀን በቀን አይተሳሰቡም፤ ሲጠራ የሄደ ሲጠራ ይመጡለታል፣ ጥሪ እየሰማ የቀረም አይረሳለትም። ሥራው ሲጀመር አንዱ ዜማ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። ዜማው እጆችን ባንድ ያስኬዳል፣ የሚያዘግመውን ይነካካል፣ ባለቤቱን ያሞግሳል፤ ጠላው ከቀጠነም ሳይናገር አያልፍም።

ይህ ልማድ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ምን እንደሚመስል ለመገመት ከጎጃም እጅግ የራቀች አንዲት የዓረብ ደሴት ትጠቅመናለች። ባሕሬን ነዳጅ ከማግኘቷ በፊት የምትኖረው በባሕር ሉል ነበር። በሞቃቱ ወራት ጀልባዎች ይወጣሉ፤ ጠላቂው ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳል፣ ጓደኛው በገመድ ይጎትተዋል፣ ነሃም የሚባለው ዘፋኝም ሥራውን በዜማ ይመራል። በኋላ የጃፓን የእርባታ ሉል ገበያውን ያዘው፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ደግሞ ነዳጅ ተገኘና ጠላቂው የኩባንያ ሠራተኛ ሆነ። ፍጅሪ የተባለው የሉል ጠላቂዎች ሙዚቃ ግን በከበሮና በእንስራ ታጅቦ ዛሬም ይዘፈናል፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 መዝግቦታል። በሙሐረቅ ከተማ ያሉ የሉል ነጋዴዎች ቤቶችም እ.ኤ.አ. በ2012 ከዓለም ቅርሶች ተርታ ገብተዋል። ዜማው ተረፈ፤ ገመድ የያዘውን ሰው ከጠለቀው ሰው ነፍስ ጋር ያስተሳሰረው ግዴታ ግን ከጀልባዎቹ ጋር ቀረ። በምዕራብ ጎጃም የማየው አዝማሚያ የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ዜማው ቀድሞ ይጠፋል፣ ግዴታው ይቆያል።

ዜማው የሚሳሳበትን ምክንያት ከሥራው ውስጥ ማግኘት ይቻላል። በክረምት ሰው ተሰልፎ ይነቅለው የነበረውን የጤፍ አረም ዛሬ አንድ ሰው መርጫ አዝሎ በመድኃኒት ያደርቀዋል። በቆሎውም እንዲሁ ነው። ከ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ ቢኤች 660 እና ቢኤች 540 የተባሉት ድቅል ዝርያዎች በጃቢ ጠህናን፣ በቡሬና በወንበርማ ሲስፋፉ ምርቱ ጨመረ፤ በዱላ መውቃቱም አልደርስ አለ። አሁን መፈልፈያ ማሽን በኪራይ ከመንደር መንደር ይዞራል፤ ሞተሩ ከተነሣ አውራጁን የሚሰማው የለም። በባህል ጉባኤዎች ላይ የወጣቱ ቸልተኝነት ሳይወቀስ አይዋልም፤ የሞተር ድምፅ ግን ሲነሣ አይሰማም። ማሳውን ባሕር ዛፍ ያለበሰ ገበሬ ደግሞ ለዓመታት ደቦ መጥራት አያስፈልገውም። ቡሬ ላይ እንደ ፊቤላ የዘይት ፋብሪካ ባለ ቦታ በፈረቃ የሚሠራ ልጅም ጎረቤቱ ስለጠራው ብቻ ሥራውን ትቶ አይወጣም።

ታዲያ ግዴታው ለምን ይቆያል? መሬቱ ስለሚያስገድድ ነው። በ1989 ዓ.ም. ከተካሄደው የመሬት ሽግሽግ በኋላ የብዙው ገበሬ ይዞታ ትንሽ ነው፤ ያም እዚህም እዚያም የተበታተነ። ከፍኖተ ሰላም ብዙ ሳይርቅ በብር ሸለቆ በደርግ ዘመን ሰፊ የመንግሥት እርሻ በትራክተር ይታረስ ነበር። በዙሪያው ያለው ገበሬ ግን በሬውን ጠምዶ፣ ወንፈሉን ተጋብቶ ቀጠለ፤ ለሰፊ ሜዳ የተሠራ መሣሪያ ለአንድ ጥማድ መሬት አይሆንምና። ዛሬ የመጣው ትንሹ ማሽንም ቢሆን ለአንድ ሰው ክምር ብሎ ናፍጣ አቃጥሎ አይመጣም። ጎረቤታሞች ምርታቸውን አጠጋግተው ባንድ ቀን ማስወቃት አለባቸው፤ ነዶ የሚያቀብል፣ ጆንያ የሚይዝ፣ ገለባ የሚገፋ ሰውም ያስፈልጋል። ያ ሰው የሚገኘው በወንፈል ነው። ማሽኑ ዘፈኑን ሲያስቀር መጠራራቱን ጭራሽ የግድ አድርጎታል።

ጉልበት በገንዘብ ይገዛል፣ ደቦም በቀን ሠራተኛ ይተካል የሚል ክርክር አለ፤ በከተማ ዳር ላለው ጥሬ ገንዘብ ለማያጣ ገበሬ እውነት ነው። ለሌላው ግን አዝመራ የሚደርሰው የሁሉም ባንድ ጊዜ ነው፤ የቀን ዋጋው የሚወደደውም ያን ጊዜ ነው። ብዙ ጉልበተኛ ወጣትም ሰሊጥ ፍለጋ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ሲወርድ የኖረ ነው። መንግሥት የሚያስተባብረውን የተፋሰስ ሥራ አይቶ ደቦ እንዲያውም አድጓል የሚልም አይጠፋም። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ገበሬው በየበጋው እርከን ሲሠራ ቆይቷል፤ እርከኑ ለአፈሩ ጠቅሞ ይሆናል። ነገር ግን በስም ዝርዝር የሚጠራ፣ የቀረውም በቀበሌ የሚጠየቅበት ሥራ ሌላ ነገር ነው። ደቦ የሚቆመው ሰው ለሚያውቀው ሰው ስለሚያፍር ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ክርክር ደቦ ድሮውንስ መቼ ፍትሐዊ ነበር የሚለው ነው። ይህን አልክድም። ሰፊ ማሳ ያለው ከሰጠው በላይ ጉልበት ያገኝ ነበር። የሴቶቹ ጠመቃና ጋገራ እንደ ወንዶቹ አጨዳ ሲቆጠርላቸው አልኖረም፤ ለጠላው የሚሆን እህል ያጣም ደቦ ለመጥራት ያፍር ነበር። ባሕሬንም ላይ የሚያምረው ዜማ ለጀልባው አለቃ በዕዳ የተያዙ ጠላቂዎች ዜማ ነበር፤ ይህን የቅርስ መዝገብ አያዜመውም። ስለዚህ ድግሱ ከዘፈኑ ጋር ቢቀንስ ባል ለሞተባት ሴት ሸክሙ ይቀላታል ማለት ይቻላል። የማሽኑ ኪራይ ግን በእንስራ ጠላ አይከፈልም። ጎረቤቶቿ የኪራይ ድርሻዋን ሸፍነው እሷ ወይም ልጇ ነዶ በማቀበል እንድትመልስ ከተስማሙ፣ ያ የተጋቡት ነገር ዘፈን ባይኖረውም ደቦ ነው። ገንዘቡን ቆጥራ ካላመጣች ክምሯ ተዘልሎ የሚወቃ ከሆነ ግን ዘፈኑን በካሴትም በመድረክም ብናስቀምጠው እንደ ባሕሬን ዜማውን ብቻ ይዘን መቅረታችን ነው።