ጎደሬ ለምን ጉሮሮ ያሳክካል?

ጎደሬ ሲልጡ እጅዎን አሳክኮዎት፣ ወይም በደንብ ያልበሰለውን ቀምሰው ምላስዎንና ጉሮሮዎን ቆጥቁጦዎት ያውቃል? ብዙ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል። ምክንያቱ ግን ተክሉ ራሱን የሚከላከልበት መሣሪያ ነው።

በጎደሬ ሥርና ቅጠል ሕዋሳት ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ እንደ መርፌ የሾሉ ክሪስታሎች በእሽግ በእሽግ ተሰድረው ይገኛሉ። የተሠሩት ካልሲየም ኦክሳሌት ከተባለ ማዕድን ነው። ተክሉ ትርፍ ካልሲየሙን በዚህ መልክ ያከማቻል፤ ነፍሳትና እንስሳት ሲያኝኩት ደግሞ መርፌዎቹ አፋቸውን ይወጋሉ። በተወጋው ቦታ ሌሎች የተክሉ ንጥረ ነገሮች ስለሚገቡ ማሳከኩ ይብሳል።

ስለዚህ ጎደሬን በጥሬው አይቅመሱ። ሲልጡ ጓንት ያድርጉ። ሥሩንም ሆነ ቅጠሉን እስኪለሰልስ ድረስ ይቀቅሉና የተቀቀለበትን ውኃ ይድፉ።

በየቤቱና በየቢሮው ለጌጥ የሚቀመጠው ዲፈንባኪያም ተመሳሳይ መርፌዎች አሉት። ከሕፃናት ያርቁት። ልጅ ካኘከው የቀረውን ከአፉ ያውጡ፤ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ቀዝቃዛ ውኃ ወይም ወተት ያጠጡት። እንዲያስመልሰው አያድርጉ። ምላሱ ካበጠ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው ምንም ሳያጠጡ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

አብዛኛው የኩላሊት ጠጠርም ከዚሁ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚሠራ መሆኑ ብዙዎችን ያስፈራል። ይሁንና በተክሉ ውስጥ ያሉት መርፌዎች በቀጥታ ኩላሊት ውስጥ አይገቡም። ችግር የሚሆነው በውኃ የሚሟሟው ኦክሳሌት ነው፤ ከአንጀት ወደ ደም ገብቶ በሽንት ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ሲጣመር ጠጠር ይፈጥራል። ቆስጣ፣ ስፒናችና ቀይ ሥር ኦክሳሌት ይበዛባቸዋል።

ጤነኛ ሰው ግን እነዚህን አትክልቶች መተው የለበትም። ከዚህ በፊት ጠጠር ወጥቶብዎት ከሆነ በርከት ያለ ውኃ ይጠጡ፤ ጨው ይቀንሱ፤ ቆስጣውን ቀቅለው ውኃውን ይድፉ። «ካልሲየም አለው» ብለው ወተትና እርጎ አይተዉ፤ ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይዘው ከሰገራ ጋር እንዲወጣ ያደርጋሉ። ምን ያህል መመገብ እንዳለብዎ ደግሞ ሐኪምዎን ያማክሩ።