የስሜን ቋጥኞችና የካርታው ጥቁር ነጥብ

ስሜን ድንጋይ አጥቶ አያውቅም። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር፣ ከዚያም ወደ ግጭ፣ ወደ ጨነቅና ወደ ቧሂት የሚዘልቅ መንገደኛ እግሩ ከድንጋይ አይለይም። አስቸጋሪው ነገር ከዚያ ሁሉ ድንጋይ መካከል የትኛው መንገድ ሊመራ እንደሚችል መለየት ነው። የደጋው እረኞችና አስጎብኚዎች ይህን በልምድ ያውቁታል። ኦሪየንቲሪንግ የተባለው ስፖርት ደግሞ ለዚሁ ልምድ ደንብ አውጥቶለታል።

ስፖርቱ በአገራችን እምብዛም አይታወቅም። ተወዳዳሪው ዝርዝር ካርታና ኮምፓስ ይዞ፣ በካርታው ላይ በቁጥር የተመለከቱ ቦታዎችን በቅደም ተከተል እያገኘ ይሮጣል፤ በየቦታው ብርቱካንማና ነጭ ምልክት ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። ከስካንዲኔቪያ የጦር ሠራዊት ልምምድ የወጣ ነው። ለሕዝብ ክፍት የሆነው የመጀመሪያው ውድድር በኖርዌይ በ1897 እ.ኤ.አ. ተካሄደ፤ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ1961 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ላይ ተመሠረተ። የሰሜን አውሮፓ ደኖች የጥንት የበረዶ ግግር ጎትቶ የተዋቸው ቋጥኞች የተበተኑባቸው በመሆናቸው፣ ቋጥኝ ገና ከጥንቱ የስፖርቱ ዋና ምልክት ሆኗል።

የፌዴሬሽኑ የካርታ ደንብ ስለ ድንጋይ በጣም ጥንቁቅ ነው። ቁመቱ ቢያንስ 1 ሜትር የሆነ ቋጥኝ በትንሽ ጥቁር ነጥብ፣ 2 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው ተለቅ ባለ ነጥብ ይገለጻል። ተቀራርበው የቆሙ ቋጥኞች በሦስት ማዕዘን ይወከላሉ፤ እጅግ ግዙፉ ቅርጹን ይዞ ይሣላል፤ ጭንጫ መሬትም የራሱ ምልክት አለው። በ1:15,000 ካርታ ላይ ያቺ ትንሿ 0.4 ሚሊሜትር ነጥብ መሬት ላይ 6 ሜትር ስፋት ትሸፍናለች፤ ማለትም ከድንጋዩ ከራሱ ብዙውን ጊዜ ትበልጣለች። ስለዚህ አምስት ቋጥኝ ጎን ለጎን ቢገኝ አምስቱን መሣል አይቻልም። ካርታ ሠሪው መርጦ ያስቀራል። የሙያው ትልቁ ጥበብ ይኸው ምርጫ ነው።

ስሜን ላይ ምርጫው ይከብዳል። ተራራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በእሳተ ገሞራ የተነባበረ ባዛልት፣ ሕዝቡ ጥቁር ድንጋይ የሚለው ነው። ቋጥኞቹ የተገኙበት መንገድ ግን አንድ አይደለም። አንዳንዱ ውኃ በስንጥቁ ገብቶ ጠርዙን እየበላው መሐሉ ድቡልቡል ሆኖ የቀረ ነው። ሌላው ከገደል ተንዶ ከሥሩ የተከመረ ነው። በራስ ደጀንና በቧሂት ከፍታ ላይ ደግሞ፣ የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ እንዳጠናው፣ ጥንታዊ የበረዶ ግግር አሻራውን ትቷል። ልዩነቱ ለመንገደኛ ትርጉም አለው። ከናዳ ክምር ውስጥ አንዱን ድንጋይ ነጥሎ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ በጓሳው ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ቋጥኝ ግን ከሩቅ ይታያል።

ቋጥኝ የሚጠቅመው በአካባቢው መሰሉ ከሌለ ብቻ ነው። ጎበዝ ተወዳዳሪም ከሩቅ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ቋጥኙ አይገሰግስም። አስቀድሞ ሊስተው የማይችለውን ትልቅ ነገር፣ ሸንተረሩን ወይም የጅረቱን መገናኛ፣ ያገኛል፤ ከዚያ የቀረችውን አጭር ርቀት በኮምፓስ እየለካ ይጠጋል። ተዳፋት ላይ ደግሞ አቅጣጫው ይወስናል። ሦስት ሜትር የሚቆም ቋጥኝ ከላይ ለሚወርድ ሰው ከመሬት ጋር እኩል ሊመስለው ይችላል፤ ከታች ለሚወጣው ግን ግድግዳ ነው። በስሜን ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ሰሜናዊው ጠርዝ እስከ 1,500 ሜትር ቁልቁል ይወርዳልና፣ በጭጋግ ቀን ከዳር ርቆ መሄድ ግድ ይላል። ጅብራ የተባለውን ተክል ምልክት ማድረግም አያዋጣም፤ አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል።

ኮምፓስም በባዛልት አገር ሙሉ በሙሉ አይታመንም። ጥቁሩ ድንጋይ ማግኔታይት የተባለ ብረት አዘል ማዕድን ስላለው፣ ቋጥኙ ላይ ተደግፎ የተነበበ መርፌ ሊዛባ ይችላል፤ መብረቅ በሚመታቸው ጫፎች ላይ ይብሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ ደግሞ ማንበብ፣ ከዚያም ከመልክዐ ምድሩ ጋር ማስተያየት።

የካርታው ነገር ሌላ ክፍተት ነው። የበርን ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፈሮች የስሜንን ካርታ በ1:25,000 ሠርተው በ1978 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል፤ ያው ዓመት የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበበት ነው። የበርን ሥራ እጅግ የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ልኬት 2 ሜትር ድንጋይ 0.08 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል፣ ማለትም ይጠፋል። በአገሪቱ የ1:50,000 ካርታዎች ላይማ አንድ ትልቅ ገደል እንኳ በሁለት የከፍታ መስመሮች መካከል ተደብቆ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የቋጥኞቹ ዝርዝር እስከ ዛሬ በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት መንገደኛውን ተከትለው የሚወጡት አስጎብኚዎችና ስካውቶች የት መታጠፍ፣ የት መጠለል እንደሚገባ የሚያውቁት በድንጋይና በካብ ነው። ስልክ ላይ ያለው ጂፒኤስ ይረዳል፣ ባትሪው ብርድ እስኪመታው ድረስ።

ከተራራው ወርደን ጎንደር ከተማ ስንገባ ግን ቋጥኙን ግንብ ይተካዋል። ስፖርቱ ለከተማ የሚሆን አጭር ውድድር አለው፤ ካርታው 1:4,000 ሆኖ ግድግዳን፣ ደረጃንና በርን ያሳያል። አፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ዋና ከተማ ያደረጓት ጎንደር፣ ጠባብ መንገዶቿና ሽቅብ ቁልቁሏ ለዚህ የተመቹ ናቸው። ለጀማሪ ተማሪ ከተራራው ይልቅ ከተማው ይሻላል።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ክፍል ከስሜን አስጎብኚዎች ጋር ተቀምጦ፣ ከፓርኩ ክልል ውጭ ደባርቅ አጠገብ የቋጥኝ ካርታ ለመሥራት አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ቢመርጥ፣ በ1:10,000 ልኬት ጎኑ 10 ሴንቲሜትር በሆነ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። አስጎብኚው ቋጥኙን ይጠቁም፣ ተማሪው ቁመቱን ይለካ። ዕድሜ የጠገቡት መሪዎች ገና መንገዱ ላይ ሳሉ ይጀመር።