የጦር አማካሪና ባላገር

ከጎንደር ወደ አሥመራ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የደረሰ መንገደኛ፥ ጥቂት እንደ ተጓዘ ምድር ከእግሩ ሥር ትከዳዋለች። የወልቀፊት አፋፍ ይህ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል። በ1933 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በዚህ አፋፍ ላይ መሽጎ መንገዱን ዘግቶ ነበር።

ከታች የእንግሊዝ ጦር፥ ከላይ በደባርቅና በዳባት በኩል ደግሞ አርበኞች ከበቡት። ከአርበኞቹ ጋራ ሜጀር ሪንግሮዝ የተባሉ እንግሊዛዊ መኰንን ነበሩ። ምሽጉ ክረምቱን በሙሉ ተከቦ ከቆየ በኋላ፥ በ1934 ዓ.ም. በመስቀል ሰሞን አዛዡ ኮሎኔል ጎኔላ እጁን ሰጠ። ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን ነጻ ወጣች።

የውጭ አገር መኰንን በአርበኞች መካከል ሲገኝ ሥልጣኑ ምንድን ነው? አርበኛው ደመወዝተኛው አይደለም፤ የሚከተለው የራሱን አለቃ ነው። ስንቁ ከገበሬው ጎተራ ይወጣል። ጠላት ቢመለስ ቤቱ የሚቃጠለውም የገበሬው ነው። እንግዲህ አማካሪው ያለው ሀብት መታመን ብቻ ነው።

ይህን ጠንቅቀው ካወቁት አንዱ ብርጋዴየር ዳንኤል ሳንፎርድ ነበሩ። ከጦርነቱ በፊት ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን በሙሎ እርሻ ነበራቸው፤ አማርኛም ያውቁ ነበር። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ሚሲዮን 101 የተባለውን አነስተኛ ቡድን መርተው ከሱዳን ወደ ጎጃም ገቡ። አብረዋቸው የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ አዛዥ ከበደ ተሰማ ነበሩ። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራቸው ተኩስ ሳይሆን ዕርቅ ሆነ፤ ተቀናቃኞች የነበሩት ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በአንድነት ጠላትን ለመውጋት ተስማሙ። እንግዳው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይህን ዕርቅ ባላገኘ ነበር። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፥ ነገሩን የፈታው አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው።

ድል ከተገኘ በኋላ ሌላ ፈተና መጣ። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. የተፈረመው ስምምነት ለእንግሊዛውያን አማካሪዎች ሰፊ ስፍራ ሰጥቶ ስለ ነበር፥ ኢትዮጵያውያን ነጻነታቸው እንዳይሸረሸር ሰጉ። ስምምነቱም በታኅሣሥ 1937 ዓ.ም. በሌላ ተተካ። ሳንፎርድ ግን በዚህ ሁሉ መካከል ለኢትዮጵያ ነጻነት የሚቆረቆሩ ሰው በመሆናቸው ይታወቁ ነበር። በአገር ግዛት ሚኒስቴር አማካሪ ሆነው አገለገሉ፤ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትም ሠሩ፤ ኋላም ወደ ሙሎ እርሻቸው ተመለሱ። ባለቤታቸው ክርስቲን ሳንፎርድ የጀመሩት ትምህርት ቤት ዛሬም በስማቸው ይጠራል። እርሳቸውም በ1964 ዓ.ም. በዚችው አገር አረፉ።

ይህን ያነሣነው የባዕድን ስም ለማግነን አይደለም። ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ዳባት የሚላክ ወጣት ሠራተኛ፥ የዚያው አውራጃ ልጅ ካልሆነ በቀር፥ በገበሬው ዓይን እርሱም እንግዳ ነው። ደብዳቤውና ማኅተሙ በር ያስከፍቱለት ይሆናል፤ ልብ ግን አያስከፍቱም። ምክሩ ቢሳሳት እርሱ ወደ ሌላ ስፍራ ይዛወራል፤ ገብሱ የጠፋበት ገበሬ ግን ከነልጆቹ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከመምከሩ በፊት ይጠይቅ፤ ከመከረም በኋላ ውጤቱን ለማየት ይቆይ። የአማካሪ ሚዛኑ ይህ ይመስለናል።