ጀልባው ይሸጣል፣ ማሰሪያው ግን አይሸጥም

በስዊዘርላንዷ ዙሪክ ገንዘብ ያለው ሰው ያገለገለ ባለ ሸራ ጀልባ በአንድ ቀን ሊገዛ ይችላል። ጀልባውን ሐይቁ ላይ የሚያስርበትን ቦታ ለማግኘት ግን ዓመታት ተራ ይጠብቃል። ገዢም ሆነ ደላላ በዚህ ገበያ የሚከስረው ሁለቱን እንደ አንድ ዕቃ ሲቆጥራቸው ነው።

የዙሪክ ሐይቅ ስፋት 88 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተማዋ የምትገኘው ሊማት ወንዝ ከሐይቁ በሚወጣበት ጫፍ ላይ በመሆኑ የሚደርሳት የውሃ ዳርቻ ጥቂት ነው። ያንኑም መናፈሻዎች፣ መዋኛዎችና የመንገደኛ መርከቦች ይጋሩታል። በመሆኑም እንደ ኤንገ፣ ሪስባህና ቮሊስሆፈን ባሉት የጀልባ ወደቦች ፈላጊው በበዛ ቁጥር ቦታ አይጨመርም።

አመልካቹ ምን ይጠብቀዋል?

የከተማው ንብረት የሆኑትን ማሰሪያዎች የሚያከራየው የከተማው የውሃ ፖሊስ ነው። አመልካቹ በተራ ጠባቂዎች መዝገብ ይገባል። ቦታ የሚመደበው የጀልባው ርዝመትና ወርድ ታይቶ ስለሆነ፣ ለትንሽ ጀልባ የተለቀቀ ቦታ ትልቅ ጀልባ ላለው ሰው አይጠቅምም። ማሰሪያው ከመረማመጃ ጎን ወይም ውሃ ላይ በሚንሳፈፍና በሰንሰለት ከሐይቁ ወለል ጋር በተያያዘ ምልክት ላይ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ዓይነት የደረሰው ሰው ከዳርቻው እስከ ጀልባው የሚሻገርበት ሌላ ትንሽ ጀልባ ያስፈልገዋል።

ፈቃዱ የሚሰጠው በሰው ስም ነው። ባለ ጀልባው ጀልባውን ቢሸጥ ቦታው ለገዢው አይተላለፍም፤ ለመዝገቡ ተረኛ እንዲደርስ ለከተማው ይመለሳል።

ዋጋው ላይ የሚታየው ውጤት

ቦታ የሌለው ጀልባ የማስቀመጫ፣ የማጓጓዣና ወደ ውሃ የማውረጃ ወጪ አለበት። እነዚህ ወጪዎች ሲደመሩ ርካሽ የመሰለው ግዢ ውድ ሊሆን ይችላል። ሻጩ “ቦታው አብሮ አለ” ቢል፣ ቦታው የከተማው ከሆነ ያልያዘውን መብት እየሸጠ ነው። የግል ወደቦችና የጀልባ ክበቦች ግን የየራሳቸው ውል ስላላቸው ገዢው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ውሉን ራሱ ማንበብ ይገባዋል።

ሌሎችም ግዴታዎች አሉ። በስዊዘርላንድ ሕግ የሸራው ስፋት ከ15 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ጀልባ የሚነዳ ሰው የሸራ መንጃ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ለዚህም ዕድሜው 14 ዓመት መሙላት አለበት። ሞተሩ ከ6 ኪሎ ዋት ከበለጠ ደግሞ የሞተር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የዕድሜው ወለልም 18 ዓመት ነው። ጀልባው የሚመዘገበው መቆሚያው ባለበት ካንቶን ሲሆን፣ የዙሪክ ታርጋ የሚጀምረው “ዜድ ኤች” በሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ነው። ስለዚህ መቆሚያው የት እንደሆነ ሳይታወቅ የምዝገባው ጉዳይም እልባት አያገኝም።

እንግዲህ የግዢው ቅደም ተከተል ከተለመደው የተገለበጠ ነው። በመጀመሪያ ቦታው፣ ቀጥሎ የቦታው ልክ፣ በመጨረሻ ጀልባው ይመጣል። ተራው እስኪደርስ መርከብ መንዳት የሚሻ ሰው በኪራይ ወይም በክበብ አባልነት ቢጀምር ያዋጣዋል። ደላላውም የጀልባውን ዕድሜና የሸራውን ሁኔታ ከመጠየቁ በፊት “ማሰሪያው በማን ስም ነው?” ብሎ ቢጀምር ከብዙ ክርክር ይድናል።